በማሪት ካርታ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ

ለምወድሽ እህቴ ለማሪት፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? እዚያ ብርድ አለ? አንቺ በሙቀቱ ወራት እንኳ ካልሲ ደርበሽ የምትተኚ ነበርሽና መጀመሪያ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ምግብስ ይበላልሻል? መርፌ ያበለዘው ክንድሽስ ዳነ? እህቱን የቀበረ ልጅ ስለ ጤናዋ ሲጠይቅ የሰማ ሰው አእምሮውን ነካው እንደሚል አውቃለሁ። ነገር ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም፤ አንቺም ሥርዓት ሲጓደል አትወጂም። ስለዚህ ሁሉንም ጠይቄሻለሁ፤ መልሱ ባይመጣም ጥያቄው ከኔ ወርዷል።

ስለ እኛ «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ቆመን እንሄዳለን ብል ይሻላል። ጎረቤቱ ሁሉ ለቀብርሽ ድንች በሥጋ፣ ፓስታ በአይብ እየጋገረ አምጥቶልን ነበር። በየሳህኑ ቂጥ ላይ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፏል። እማዬ አጥባ ወልውላ ጠረጴዛው ላይ ደርድራቸዋለች፤ ግን አትመልሳቸውም። የመለሰቻቸው ቀን ለቅሶው የሚያበቃ ይመስላታል መሰለኝ። አባዬ ሐይቁ በረዶ ላይ ካለችው የዓሣ ማጥመጃ ጎጆው ነው የሚውለው። ባለፈው ሳንድዊች ይዤለት ብሄድ፣ በረዶው ላይ የሰረሰረው ቀዳዳ ተመልሶ ረግቷል፤ እሱ መንጠቆውን ሳያወርድ አጠገቡ ተቀምጧል። «ዓሣ አለ?» ብለው «ይኖራል» አለኝ። የክፍልሽን በር እማዬ አልጋሽን አንጥፋ ከዘጋችው ወዲህ የከፈተው የለም። ዊልበር ብቻ በሩ ሥር ይተኛል፤ ያልነገርነው ውሻችንን ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ለቤት ወሬ አይደለም። ስለዚያ ክፍል ልነግርሽ ነው። በቀይ እርሳስ ስለ ከበብሽው።

በምናብ ወደ ዋሻ የምንወርድበትን የቅዳሜውን ጨዋታ የዳኛነት ወንበር የለቀቅሽልኝ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ምድር ቤት ወስደሽ፣ ከካርቶን የቆረጥሽውን መከለያ ፊቴ አቆምሽና «ከዚህ ጀርባ ያለውን የዋሻ ካርታ ካንተ በቀር ማንም አያየውም» አልሽኝ። ዋሻው ውስጥ የሚታየውን እኔ በቃሌ እናገራለሁ፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይነግሩኛል፤ አጠራጣሪውን ነገር ስድስት ገጽ ያለው የቁጥር ጠጠር፣ ዳይሱ፣ ይቆርጠዋል። ዳይሱም ሁሉ እያየ ይጣላል እንጂ ከመከለያው ጀርባ አይደበቅም። አንቺ ደግሞ ድምፄን እየሰማሽ ባለ ካሬው ወረቀት ላይ ካርታ ትስያለሽ። «አንድ አደራ አለኝ» አልሽኝ፤ «ካርታዬን እንዳታርምብኝ። ተሳስቼ ገደል ብገባ የራሴ ገደል ነው። ዳኛ የተጫዋች ካርታ አያርምም።» ያን ዕለት እንደ ጸሎት ደጋግመሽ አስጠናሽኝ። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ በትክክል የጠበቅኩት ሕግ ቢኖር ይሄ ነው፤ አሁን የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ በድሮው ሕግ የሚሄድ አዲስ የጨዋታ መጽሐፍ ልጽፍ ነው ብለሽ የተነሳሽበት ቅዳሜ ትዝ ይልሻል? ወረቀት አጥፈሽ በስቴፕለር የመታሽው መጽሐፍ ገና ግማሹ ባዶ ነበር። «ተጫዋች ምን እንደሚፈልግ ሳላውቅ አንድ ገጽ አልጨምርም» ብለሽ ሁላችንንም አንድ በአንድ ጠየቅሽን። ብሮክ ከአባቱ የወተት ላሞች ሥር ተነስቶ፣ የበረቱን ሽታ ይዞ መምጣቱ ነበር። «እኔ የምፈልገው ዋሻው ውስጥ በራሴ ቂልነት መሞት ነው። በአዲሱ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ በሚጫወቱት በአክስቴ ልጆች ቤት ማንም አይሞትም። ዳኛው አዝኖልኝ ስተርፍ ደሜ ይፈላል» አለ። ካንቺ ጋር ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምራ ያደገችው ቴሳም «በራስህ ቂልነት መሞቱንማ ያለ መጽሐፍም ተክነኸዋል» ብትለው ሳቃችን ምድር ቤቱን ሞላው። እሷ ራሷ መንገድ መሳት ነበር የምትፈልገው። «ጀግና ሆኜ መጀመር አልፈልግም። አንድ ችቦና አንድ ገመድ ስጡኝ፣ ልጥፋ፣ ከዚያ በገዛ ብልሃቴ ልውጣ» አለች።

ጋሽ ዱዌን ጥርስ ሥር የሚንጫጫውን ትኩስ አይብ እያኘኩ «ቀጭን ይሁን፤ ያለ መነጽር ላንብበው» አሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡሳችንን ሲነዱ «ቁጭ በል አንተ ጎረምሳ!» በሚሉበት ድምፅ ነው የሚጫወቱትም። «ደግሞ ማንም አስቀምጦ ታሪክ እንዳይተርክልኝ። ይህ ጨዋታ ከተወለደ ጀምሮ እጫወታለሁ፤ ታሪኩን እኔ ስገባ ነው የማየው። ለትረካ ባለቤቴ ትበቃኛለች።» እኔ «ዳይስ ስጥል ዓይን ዓይኔን ባታዩኝ ደስ ይለኛል» ብል በአንድ አፍ ጮኻችሁብኝ። ብሮክ ረቂቅሽን ገልጦ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ባንቺ ሕግ ከክፍሎቹ ግማሾቹ ባዶ ናቸው። ማን ባዶ ክፍል ለማየት ይመጣል?» ብሎ ተከራከረሽ። አንቺም ቀና ሳትይ «ባዶ ክፍል ከሌለ በሩን ዘግተህ የት ልታርፍ ነው?» አልሽው።

ከዚያ ጋሽ ዱዌን «አንቺስ? ሁሉን አናዘሽ ልታመልጪ ነው?» አሉሽ። እርሳሱን ጥርስሽ ላይ መታ መታ አደረግሽና «እኔ ሳልኖርም ቦታው እንዲኖር ነው የምፈልገው» አልሽ። ክፍሉ በሩን ስከፍት ለኔ ሲባል የሚፈጠር ከሆነ መክፈቴ ምን ዋጋ አለው፤ ከኔ በፊት የነበረ፣ እኔ ባልሄድበትም የሚኖር መሆን አለበት አልሽ። ያኔ ሕመምሽን ሁላችንም ድካም ነው የምንለው። አይቡን ተቃምሰን ወደ ጨዋታችን ተመለስን።

ስህተቱን የሠራሁት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ዋሻው ውስጥ ከውኃ ጉድጓዱ ክፍል ወደ አሮጌው ወጥ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ በኔ ወረቀት ላይ ርዝመቱ ሠላሳ ጫማ ነበር። እኔ ስድሳ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ብሮክ እያሳቀኝ ነበር መሰለኝ። አንቺ የሰማሽውን ሳልሽ። ሌሎቹ ክፍሎች በዙሪያው እየሞሉ ሲሄዱ በትርፉ ሠላሳ ጫማ ልክ መሐል ላይ ማንም ያልገባበት ባዶ ቦታ ቀረ። በዚህ ጨዋታ ያደገ ሰው በካርታው መሐል ባዶ ቦታ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተደበቀ ክፍል። በቀይ እርሳስ ከበብሽውና በድል አድራጊነት አሳየሽኝ። እኔም ቀዩን ክብ ከራሴ ወረቀት ጋር ሳስተያይ ነገሩ ገባኝ፤ ዝም አልኩ። በየቅዳሜው የሌሎቹን ትዕግሥት እየፈተንሽ ያን ግድግዳ አንኳኳሽ፤ ወለሉ ላይ ውኃ አፍስሰሽ ወዴት እንደሚሰርግ አየሽ፤ የችቦሽ ጭስ ወዴት እንደሚያዘነብል ጠየቅሽኝ። እኔ ምንም እንዳላገኘሽ እነግርሻለሁ። አንቺ ደግሞ «በደንብ ተደብቋል ማለት ነው» ትያለሽ።

ከዚያ ሆስፒታል ገባሽ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ብመጣ ካርታውን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግተሽ አገኘሁሽ። ጣትሽን ቀዩ ላይ አድርገሽ «ሌፍዬ፣ አንዲት ነገር ብቻ። ክፍሉ አለ ወይስ የለም?» አልሽኝ። የለም እንዳልልሽ ፊትሽ አሳሳኝ፤ አለ ብልሽ ውሸት ነው። «ፈልጊና ታውቂያለሽ» አልኩሽ። ሳቅሽ፤ ሳቁ መሐል ላይ ሳል ሆነብሽ። «ጎሽ! አሁን ገና ዳኛ ሆንክ» አልሽኝ። በማግሥቱ ካርታውን ለቴሳ አደራ ሰጠሻት። ከዚያ በኋላ እኔና አንቺ ስለ ጨዋታው አላወራንም፤ ስለ ሌላውም ብዙ አላወራንም፤ አንቺ መተኛት አበዛሽ። እንግዲህ በስተመጨረሻ የተውሽልኝ ምስጋና እሱ ነው። ስህተት መደበቄን ሕግ ማክበር መስሎሽ አመሰገንሽኝ።

ከቀብርሽ በኋላ ጋሽ ዱዌን ደወሉልኝ። «ጠረጴዛው ቅዳሜ ከሰዓት ይጠብቃል፤ የሚቀር ካለ ሞቶ መሆን አለበት» ብለው ጀመሩና ከአፋቸው ያመለጠውን ራሳቸው ሰሙት። «ይቅርታ ልጄ፣ ይሄ አፌ ነው» አሉኝ። እኔ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ በሳቄ አፈርኩ። ቴሳም «ቅዳሜ የማሪትን ክፍል ነው የምንሰብረው» ብላ በስልክ ጻፈችልኝ።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልንገርሽ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደብተሬ ሥር ባለ ካሬ ወረቀት ደብቄ ክፍሉን ሠራሁልሽ። ውስጡ የድንጋይ ጠረጴዛ፣ የማይጠፋ መብራት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የዋሻው ካርታ በሙሉ፣ ማንም ያልደረሰበት እንኳ ሳይቀር ተቀርጾበት። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ያማረ ነበር። መምህሩ ዓይኔን አይቶ «ከፈለግህ ውጣ» አለኝ። ቅዳሜ ያን ወረቀት ከእውነተኛው ካርታ ሥር ሸሸግሁት።

ወንበርሽ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ዱዌን የአይቡን ከረጢት አኖሩበትና «እዚያ ካለ አልደርስበትም፤ ሐኪሜ ደስ ይለዋል» አሉ። ብሮክ ደግሞ «በጨዋታው ወርቄ ሁለት ቆፋሪዎች ቀጥሬያለሁ። ስማቸው ኦሌና ትንሹ ኦሌ ነው። ጣሪያው ቢናድባቸው ዛሬ ማንም እንዳያለቅስ፤ የለቅሶ ኮታችንን ጨርሰናል» አለ። ቴሳ ካርታሽን ዘረጋች። እርሳስሽን ይዛ፣ ልክ እንዳንቺ አንገቷን ወደ ድምፄ አዘንብላ «ግድግዳውን እናፈርሳለን። ምን ይታየናል?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። የድንጋዩ ጠረጴዛና መብራቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። ቴሳ ግን የምትጽፈው የምናገረውን አምና ነው። ከሷ በፊት ያልነበረ፣ ለሷ ሲባል የተሠራ ክፍል ልሰጣት ነበር፤ አንቺ ከሁሉ አብልጠሽ የጠላሽውን። መከለያውን አጥፌ አስተኛሁት። ዳኛ መከለያውን ሲያነሳ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንም አይቶ አያውቅም፤ ብሮክ ራቁት ሰው ያየ ይመስል ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። «ክፍል የለም» አልኩ። «ስድሳ ጫማ ያልኳችሁ ሠላሳ ነው። ማሪት አልተሳሳተችም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ቀዩን ክብ ካሳየችኝ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።» በሒሳብ ክፍል የሠራሁትንም ወረቀት አውጥቼ አሳየኋቸው። ቴሳ አየችው፤ «ያምራል» አለችና በግንባሩ ደፋችው።

ብሮክ እጁን ከዓይኑ አነሳ። «ያን ሁሉ ቅዳሜ ግድግዳ ስታንኳኳ እያየሃት?» አለኝ። ዳኛ የተጫዋች ካርታ አያርምም ብዬ ስጀምር «ዳኛ ዳኛ አትበለኝ! ወንድሟስ አልነበርክም?» አለ። ጃኬቱን ነጥቆ ደረጃውን ወጣ፤ የውጪው በር ሲላተም ከታች ሰማነው።

ጋሽ ዱዌን አፋቸው ውስጥ ያለውን ዋጥ አድርገው «ና እስኪ አንተ» አሉኝ። «ያን መተላለፊያ የሄድነው በምንድን ነው? በወረቀትህ ነው ወይስ በቃልህ?» በቃሌ ነው አልኳቸው። «ወረቀትህን እስከ ዛሬ አይተነው እናውቃለን?» አታውቁም አልኩ። «እንግዲያው ስድሳ ጫማ ሄደናል፤ ጉልበቴ ይመስክር። ጠረጴዛ ላይ ጮክ ተብሎ የተነገረው ነው ቦታው። ከካርቶን ጀርባ ያለው ያንተ ማስታወሻ ነው። ተሳስተህ ተናገርክ፤ ግን ተናገርክ። ልጅቷም የሰማችውን ልቅም አድርጋ ሳለች።» ቴሳ ቀና ብላ «ታዲያ እዚህ ባዶው ውስጥ ምን አለ?» አለች። እኔ አላውቅም አልኩ፤ እውነቴን ነበር። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የማላውቀው ቦታ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። «ግሩም! አሁን ገና እኩል ሆንን» አሉ ጋሽ ዱዌን። «ዳኛ ያላወቀውን ማን ይቆርጠዋል?»

ቴሳ ያላለቀውን መጽሐፍሽን ገልጣ አነበበችልን። አንድ ከወጣ አውሬ፣ ሁለት ከወጣ ወጥመድ፣ ሦስት ከወጣ ሀብት፣ ከዚያ በላይ ባዶ። ዳይስሽን አመጣሁ፤ ጋሽ ዱዌን የሰጡሽን፣ ቁጥሮቹን ነጭ የሰም እርሳስ እያሸሽ የሞላሽውን፣ ጠርዙ ተበልቶ መቆም የማያውቀውን። ብሮክ ያኔ ተመልሶ ደረጃው መሐል ቆሞ ነበር፤ በረዶ ጫማው ላይ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። ጣልኩት። ተንከባሎ ተንከባሎ ከቴሳ ኩባያ ጋር ተጋጨና ቆመ። አምስት።

ባዶ።

ከደረጃው ላይ ብሮክ «ባዶ ይሁን እንጂ ክፍሉ አለ። አልተሳሳተችም» አለ፤ ድምፁ ሰልሎ። ቴሳ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ «ስፋቱን ንገረኝ» አለችኝ። ሠላሳ በሠላሳ አልኳት፣ ቀስ ብዬ፣ የገዛ ቃሌን እያዳመጥኩ። ከቀዩ ክብሽ ውስጥ አራት መስመር አሰመረች። ብሮክም ወርዶ ተቀመጠና፣ እኔን ሳያይ «ኦሌና ትንሹ ኦሌ ደክሟቸዋል። በሩን ዘግተን እናርፋለን» አለ። ያን ቅዳሜ ሌላ ነገር አልሠራንም። አረፍን።

ይህን ስነግርሽ ሸክሜ የወረደልኝ እንዳይመስልሽ። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ነው የከበደኝ። ሆስፒታል ተኝተሽ ስትጠይቂኝ «ተሳስቻለሁ» ብልሽ ኖሮ፣ ጋሽ ዱዌን ያሉትን አንቺ በአንድ እስትንፋስ ትይኝ ነበር፤ የድሮውን ሕግ ከሳቸው የተማርሽው አንቺ ነሽ። «እንግዲያው ስድሳ ነው፤ ዳይሱን አምጣ» ትይ ነበር። ብርድ ልብሱ ላይ ትጥይው ነበር። አንድ ይውጣ አምስት ግድ የለኝም፤ የሚጥለው ያንቺ እጅ ይሆን ነበር። ያን ከእጅሽ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። ሰዎች «እህትህን እስከ መጨረሻው አስታመምክ፣ ተባረክ» ሲሉኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። አሁን ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በዚያ ሳቅሽ ውስጥ ነገሩ ገብቶሽ ነበር? ገብቶሽ ከነበረ ለምን ማርሽኝ? ካልገባሽም ይኸው ዛሬ ነገርኩሽ።

እማዬ ሰላም ትልሻለች፤ አፍ አውጥታ ባትለውም ገበያ ስትሄድ አንቺ የምትወጂውን የፖም ጭማቂ አሁንም ትገዛለች። አባዬ ሰላም ይልሻል፤ ትናንት መንጠቆውን አውርዷል፤ ያጠመደውንም መልሶ ለቀቀው። ዊልበር ጅራቱን ይቆላልሻል። ቴሳ ካርታሽን ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋዋለች። ጋሽ ዱዌን መጽሐፍሽን በትልልቅ ፊደል እንድናሳትምላቸው ያሳስባሉ፤ ለመነጽራቸው ሲሉ። ብሮክ ገና በደንብ አያናግረኝም፤ ግን የሚመጣውን ቅዳሜ አልቀርም ብሏል፤ ይህንንም እንደ ሰላምታ ቁጠሪው።

ሳልሰናበትሽ የዛሬውን ጠዋት ልጨምርልሽ። እማዬና አባዬ ዛሬ ወደ ሥራ ተመለሱ። ትምህርት ቤት ከብርዱ ብዛት ተዘግቷል። እንግዲህ ካንቺ ወዲህ በዚህ ቤት ብቻዬን ስሆን ይህ የመጀመሪያዬ ጠዋት ነው። ዊልበርን ከበርሽ ሥር ገፋ አድርጌ፣ በዋሻው በሮች እንዳስተማርሽኝ መጀመሪያ ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ከዚያ ከፈትኩት። አልጋሽ እንደ ተነጠፈ ነው። አንዲት ነገር አልነካሁም። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ማሞቂያው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተከትሎኝ የገባው ዊልበርም አገጩን ጭኔ ላይ ጣል አደረገ። አረፍን። ሲበቃኝ ተነሳሁና ተረከዜን ከጣቴ እያገናኘሁ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለካሁት። ባለ ካሬው ወረቀት ላይ ከማስፈሬ በፊት ተመልሼ እንደገና ለካሁት። ሁለቱም ጊዜ እኩል መጣ።

ወንድምሽ ሌፍ

ብላክ ኦክ፣ ዊስኮንሰን
ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10